የእትዬ የሺ ቀይ ሾርባ

የእትዬ የሺ ልጅ ከአሶሳ ደውላ «እናቴ አረፈች» ስትለኝ ስልኩን ጆሮዋ ላይ ዘጋሁባት። መልሳ ደወለች። ደግሜ ዘጋሁባት። እትዬ የሺ ትሞታለች? ሞትን ራሱን በማማሰያ ታባርረዋለች እንጂ!

ባምባሲ ገበያ መሃል ነበርኩ። ሽንኩርት የምትሸጠው ሴትዮ ናት ደግፋ ያስቀመጠችኝ። ፊደል ብስት ይቅር በሉኝ።

ለማታውቋት ልንገራችሁ። በደርግ ጊዜ ከወሎ ተጭነን አሶሳ ሰፈራ ጣቢያ ስንወርድ እኔ ገና ሙሽራ ነበርኩ። ከባሌ ከአበባው ጋር የተሰጠን ጎጆ ከእሷ ጎጆ ጎን ነበር። እሷ ጣቢያው ውስጥ ለሚሠሩ የውጭ ሰዎች ምግብ አብሳይ ሆና ተቀጠረች። የኩባ ሐኪም ነበረ፤ ትራክተር የሚያስተምሩ ሩሲያውያን ነበሩ። የሚበሉትን ሁሉ አይታ ትመጣና እሁድ እሁድ ቤቷ ትሞክረዋለች።

«ዛሬ ኩባ ነን!» ካለች ቦሎቄ በሩዝ ነው። «ዛሬ ሱዳን ነን!» ካለች ደግሞ የአገሩ ተወላጅ በርታዋ ጎረቤታችን አሚና ያስተማረቻት የባሚያ ወጥ በማሽላ ገንፎ። እኛ በራሽን ስንዴ ቂጣ አንጀታችን ደርቆ፣ እሷ ዓለምን ታዞረናለች።

ፊታችንን ካጨማደድን ግን ወዮልን። ማማሰያውን ታነሳና «ቅመሺና ስደቢኝ!» ትላለች። መቼም ሳትቀምስ ለሰው አታቀርብም። ጠላ እንኳ ስትቀዳ መዳፏ ላይ ጠብ አድርጋ ሳትቀምስ ለእንግዳ አትሰጥም፤ ያደገችው እንደዛ ነው። አንድ ካድሬ ማካሮኒዋን «የኢምፔሪያሊስት ምግብ» ብሎ ሲያጣጥልባት ጀርባውን በማማሰያ ስታቀምሰው በዓይኔ አይቻለሁ። ሌላ ሰው ቢሆን እስር ቤት ነበር። እሷን ግን ምን ያደርጋታል፣ በልቶ ደገመ።

ቀዩን ሾርባ ግን ማንም አይነካላትም ነበር። ሩሲያውያኑ ከተከሉት ቀይ ስር የምትሠራው ነው። እኛ የወሎ ገበሬዎች ቀይ ስር የት እናውቃለን? ደም ነው አልን። አሚና ድስቱን ከፍታ አየችና በሰባራ አማርኛዋ «አንተ የሺ፣ ይሄ በሬ ማን አረደ?» ብላ ሮጣ ወጣች።

በዚያው እሁድ ከሰዓት በኋላ ታጣቂዎች መንደራችን ገቡ። እነማን እንደነበሩ አልጽፍም፤ ኮሜንት ላይም እንዳትጠይቁኝ። መጋዘኑን አቃጠሉት። የወፍጮ ቤቱን ጠባቂ በሩ ላይ ደረቱን በሱት። ከዚያ «ሚሊሺያ አውጡ» እያሉ ወንድ ያገኙበትን ቤት ሁሉ ማጽዳት ጀመሩ።

አበባው ጭኑን ተመትቶ እየተሳበ እትዬ የሺ ቤት ገባ፤ እኔ ከኋላው። ብብቱን ይዛ አንስታ ባዶው ጎታ ውስጥ ከተተችው፣ ከደነችው፣ ከላዩ ስልቻ ጫነችበት።

ደሙ ግን ከበሩ እስከ ጎታው ድረስ ወለሉ ላይ ተሰምሯል። ውጭ ኮቴ ሰማን።

ሾርባው እሳት ላይ ይንተከተክ ነበር። ድስቱን በባዶ እጇ አነሳችና ከበሩ ጀምራ ወለሉ ላይ ደፋችው። እግሯ ላይም ፈሰሰ፤ ቆዳዋ ሲላጥ አየሁ።

ሰውየው ገባ። ወለሉን አየና ጠመንጃውን ግንባሯ ላይ ደቀነ።

«ይሄ የማን ደም ነው? አውጪው!»

«ደም አይደለም፣ የሩሲያ ወጥ ነው። ስትተኩሱ ደንግጬ ደፋሁት።»

«ትዋሻለሽ!»

ተንበረከከች። ከዚያ ወለል ላይ፣ ከነአፈሩ፣ ከነባሌ ደም፣ በመዳፏ ዘገነችና ዓይን ዓይኑን እያየች ዋጠችው። ሁለተኛ ዘግና መዳፏን ዘረጋችለት።

«እኔ ቀምሻለሁ። አንተም ቅመስና ግደለኝ።»

አልቀመሰም። በሰደፍ አፏን ብሎ የፊት ጥርሶቿን አረገፈና ወጣ። ቀጥሎ ባለው ቤት አንድ ሰው «ስለ ማርያም!» ብሎ ሲጮህ ሰማን። ከዚያ ተኩስ። ከዚያ ጩኸቱ የለም። ያ ድምፅ እስከ ዛሬ ከጆሮዬ አልወጣም።

ሄደው ሲያልቁ አሚና አህያዋን ነድታ መጣች። አበባውን ጭነን፣ መንገድ ላይ ሞተው የወደቁትን ጎረቤቶቻችንን እየዞርን ሐኪሙ ጋ አደረስነው። እግሩ ቢያነክስም ተረፈ። የወለድኳቸው ልጆች ሁሉ ከዚያ ቀን በኋላ የተወለዱ ናቸው።

እትዬ የሺ ማብሰሏን አልተወችም። ቀዩን ሾርባም ትሠራው ነበር፤ እኛም መብላት ለመድን። ግን ከዚያ ቀን ወዲህ እሱን ብቻ ራሷ አትቀምሰውም። ጭልፋውን ለአበባው ትሰጠዋለች፤ እሱ ቀምሶ «ጨው አንሶታል» ይላታል። አንድ ጊዜ ለምን እንደማትቀምስ ጠየቅኋት።

«የባልሽ ጣዕም ከአፌ አልወጣልኝም» አለችና ሳቀች። እኔ አልሳቅኩም።

እትዬ፣ መሞትሽን ለአበባው ስነግረው እያነከሰ ጓሮ ገባና ቀይ ስር ነቀለ። ነገ ለቅሶሽ ላይ ይዘን የምንመጣው እሱን ነው። ሐዘን ቤት ደም የመሰለ ነገር አመጡ የሚል ካለ ይበል፣ ታሪኩን እነግረዋለሁ።

ያበሰልኩት እኔ ነኝ። መዳፌ ላይ ጠብ አድርጌ ቀድሜ ቀምሻለሁ፣ እንዳስተማርሽኝ። እንደ አንቺ አልሆነልኝም፤ አበባውም ጨው አንሶታል ብሎ ማልቀስ ጀመረ።

ደህና ሁኚ፤ የልጆቼ አባት ዛሬም ያለው በአንቺ ነው። አሁን ተነሺ እትዬ። ቅመሺና ስደቢኝ።