አራተኛው ደረጃ

ቢሮ ውስጥ «ማውጫ» ነው የምንላት። በስልክና በኮምፒውተር የሚነበቡ መጻሕፍት ስናዘጋጅ የርዕሶቹን ማውጫ የምትሠራው እሷ ናት። ክፍል፣ በክፍሉ ሥር ምዕራፍ፣ በምዕራፉ ሥር ንዑስ ርዕስ እያለ ይወርዳል። ጉድጓድ የሚቆፍር ይመስል ስድስተኛ ደረጃ ድረስ የሚወርድ ደራሲ አለ። እሷ ግን ከሦስት በታች አትወርድም፤ ብዙ ስልክ አራተኛውን አያሳይም። «አራተኛ ደረጃ የገባ ርዕስ የተቀበረ ነው» ስትል እስቅ ነበር።

ያሳደጓት ሰዎች የወለዷት አይደሉም። ገና በዳዴ ሳለች ወላጆቿ ሞቱባትና ጎረቤቶቻቸው ወሰዷት። እማዬ፣ አባዬ ብላ አደገች። ሦስቱ ልጆቻቸው ትዳር ይዘው ሲወጡ እሷ ቀረች፤ አባትየው አልጋ ላይ ሲውሉ ያጠበቻቸውም ያገላበጠቻቸውም እሷ ናት። ይህን የማነሳው ላመሰግናት ብዬ አይደለም፤ ከዚያ በኋላ የሆነው እስከ ዛሬ ስለሚያንገበግበኝ ነው።

አባትየው ካረፉ በኋላ ታላቅ ወንድሟ የቤተሰቡን ታሪክ ጻፈ፤ ዘመድ ሁሉ በስልኩ እንዲያነበው። ማውጫውን ሥሪልኝ አላት። ደስታዋን አትጠይቁኝ፤ ምሳዋን ትታ ትሠራ ነበር። አባትና እናት አንደኛ ደረጃ፣ ልጆች ሁለተኛ፣ የልጅ ልጆች ሦስተኛ። ከሦስቱ ልጆች ቀጥላ የራሷን ምዕራፍ አስገባች። ወንድሟ አጠገቧ ቁጭ ብሎ አየና ጎበዝ አላት። ርዕስ እንዴት ከቦታ ቦታ እንደሚዛወርም አሳየችው። ያመኑት ፈረስ ይጥላል በደንደስ ይሉ የለ?

መጽሐፉ ለዘመድ በተላከ ቀን ስልኳን ይዛ ወደ እኔ ዞረች። ማውጫው ላይ ሦስቱ ልጆች አሉ፤ እሷ የለችም። ፋይሉን ኮምፒውተር ላይ ከፈትነው። ምዕራፏ አልጠፋም። «ቤታችን» በሚለው ሥር «የድሮው ኑሮ»፣ በእሱ ሥር «ያገለገሉን ሰዎች»፣ በእሱ ሥር፣ ከዘበኛው ቀጥሎ፣ ስሟ ተቀምጧል።

ወንድሟ ጋ ደወለች። አልካደም። እህቶቹ ቅር ብሏቸዋል፤ ነገ ደግሞ የቤቱ ውርስ ሲነሳ ጣጣ እንዳይመጣ ነው አላት።

«አንቺው አይደለሽ እንዴ፣ ርዕስ ሁሉ ከሚመለከተው ርዕስ ሥር ይግባ ያልሽኝ?»

«እሺ ጋሼ» ብላ ዘጋችው። የእኔ ደም ፈልቷል፤ እሷ እሺ ትላለች!

መልሳ ማስተካከል ትችል ነበር፤ ዋናው ፋይል እጇ ላይ ነው። ግን እማዬ ይህን አታውቅም፣ ብታውቅ ኖሮ አፉን ታስይዘው ነበር አለችኝ። የቀራት ተስፋ ይኸው ነበር። ደወለችላቸውና እኔም እንድሰማ ይመስለኛል፣ ድምፁን ከፍ አድርጋ ስልኩን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው።

ምዕራፏ የት እንደገባ ነገረቻቸው።

«ጠይቆኝ ነበር» አሉ አሮጊቷ። «ምን ላድርግ ብለሽ ነው? በዚህ ዕድሜዬ ከልጆቼ ጋር አልጣላም ብዬ ዝም አልኩ።»

እሷ ቀና ብላ አላየችኝም። እናትየው ጉሮሯቸውን ጠረጉና፣ ማታ ስትመጪ መድኃኒቴን ይዘሽ መምጣት እንዳትረሺ አሏት።

«እሺ፣ እትዬ» አለቻቸው።