ፊቱ የተላጠው ገበሬ
ወረታ መናኸሪያ ግድግዳ ላይ ጥንድ በሬ ጠምዶ የሚያርስ ገበሬ ሥዕል አለ። ማስታወቂያ ሲለጠፍበትና ሲላጥ ከርሞ የገበሬው ፊት አብሮ ተልጧል፤ በሬዎቹ ግን ደህና ናቸው። ሰዓሊ ነኝና ላድሰው ስጀምር አያ ደርሶ የሚባሉ ሽማግሌ መጡ።

«ፊቱ የኔ ነበር፤ ያኔ ሰዓሊው የሣለው እኔን እያየ ነው» አሉኝ።

እግዜር ሰጠኝ ብዬ ድንጋይ ላይ አስቀመጥኳቸው። ሁለት የገበያ ቀን ዝንብ እንኳ ሳያባርሩ፣ አንገታቸውን አቅንተው ተቀመጡልኝ። «አፍንጫዬን ትንሽ አሳንሳት» ሲሉም እሺ አልኩ።

ሥዕሉ ባለቀ ማግስት ሌላ ሽማግሌ ከአውቶቡስ ወርደው ፊት ለፊቱ ቆሙ። በሬዎቹን ሲያዩ ዓይናቸው እንባ አቀረረ።

«ቦራዬ! ዳለቻዬ!»

ከዚያ ቀና ብለው የገበሬውን ፊት አዩና ወደኔ ዞሩ።

«በሬዎቹስ የኔ ናቸው። ደርሶን ማን አውሶት ነው የሚያርስባቸው?»