ጋሼ የሚያስቀምጣት ትርፍ ወንበር

ታላቅ ወንድሜ ጋሼ አዳማ ውስጥ ጠበቃ ሳለም፣ ኋላ ተመርጦ የከተማው ሹም ሲሆንም፣ ከጠረጴዛው ፊት አንዲት ትርፍ ወንበር ያስቀምጥ ነበር። ባለጉዳይ ሰው ሊከስ ሲመጣ ባዶዋን ወንበር እያሳየ «ባላጋራህስ የታለ?» ይላል። እኔን እህቱን እንኳ ጎረቤቴን ሳማርር «ጥሪያትና አብራችሁ ንገሩኝ» ብሎ መልሶኛል።

እሱን ግን ሳይጠሩትና ሳይጠይቁት ከሥልጣኑ አነሡት፤ መነሣቱን የሰማው ከሬዲዮ ነው።

ጋሼ ሲሞት፣ ያነሣው አለቃ ለቅሶ ድንኳናችን ውስጥ ቆሞ «በስምምነት ነው የተለያየነው» ሲል ደሜ ፈላ። ባዶ ወንበር ጎትቼ አጠገቡ አኖርኩ።

«በል ልጄ፣ ድገመው። ባላጋራህስ የታለ?»

«ይተዉት እማማ፣ ለቅሶ ነው» አሉኝ ለቀስተኞቹ።

አልተውኩትም። ሰውየው አንገቱን ደፍቶ ወጣ። እስከ ሰልስቱ ድረስ በዚያች ወንበር ላይ ማንንም አላስቀመጥኩም።