ስምንቱም የሚያውቁት ምስጢር

ከአሰብ ወደብ ጀርባ ያለውን የቆርቆሮ መጋዘን ከመታሰሬ በፊትም አውቀዋለሁ። ለፍየሎቼ ልከራየው ብዬ አይቼ፣ ሙቀቱ ይጨርስብኛል ብዬ ትቼዋለሁ። የኢትዮጵያና የኤርትራ ጦርነት ሲጀመር ኤርትራውያኑ እኔኑ ከሌሎች ስምንት ኢትዮጵያውያን ጋር አስገቡኝ።

የሚፈልጉት «ሰላይ ነበርኩ» በሚል ወረቀት ላይ እንድንፈርም ነው። የእስር ቤቱ አዛዥ በየተራ ያስጠራናል። ለሁላችንም የሚለው አንድ ነው፦ «ሌሎቹ ፈርመዋል፤ ነገ አገራቸው ይገባሉ። አንተ ብቻህን ልትቀር ነው?»

ከእሱ ስንመለስ አንተያይም።

እኔ ደግሞ ብልጥ ነኝ ባይ ነኝ። ፍየል ስንሸጥ ዋጋ የምንነጋገረው በሽርጥ ስር፣ በጣት ነው፤ ሌላው እንዳያውቅ። እንደዚያው አደረግኩ። እያንዳንዱን በጆሮው «ፈርመሃል?» እለዋለሁ። ካልፈረመ በሽርጤ ስር አንድ ጣቴን ይጨብጣል፣ ከፈረመ ሁለት። ስምንቱም አንድ ጨበጡ። ዞሬ በየጆሯቸው «ማንም አልፈረመም» አልኳቸው። ኮራሁ።

በማግስቱ ጠዋት ከስምንቱ አንዱ፣ አስተማሪው፣ «ልፈርም ነው» አለኝ።

«ምን ነካህ? ነገርኩህ እኮ!»

«ለእኔ ነገርከኝ። እነሱ መስማታቸውን በምን ልወቅ? ካልሰሙ ፈርተው ይፈርማሉ፤ ብቻዬን እቀራለሁ።»

ሌሎቹንም ጠየቅኩ። ያው ነው። ሁሉም ያውቃል፣ ሁሉም ይፈራል። ራሴን ከቆርቆሮው ጋር ላጋጨው ምንም አልቀረኝም።

ከሰዓት አዛዡ ሊቆጥረን ሲገባ ከመካከላችን ሽማግሌው የከባድ መኪና ሹፌር ተነሱ።

«ጌታው፣ እዚህ ቤት የፈረመ ሰው የለም። እኔም አልፈርም። የፈረመ ካለ ይነሳ!»

ማንም አልተነሳም። ማንም አለመነሳቱን ሁላችንም አየን፤ ማየታችንንም ተያየን።

«ማን ጠየቀህ?» አለ አዛዡ።

«ማንም። ሙቀቱ ነው ያስለፈለፈኝ።»

አንዱ ሳቀ። ሹፌሩን እየገፈተሩ ወሰዷቸው፤ ለብቻቸው ታሰሩ።

ወዲያው አስተማሪው ተጠራ። ሲመለስ ዘበኛው አጠገቡ ቆሞ እያለ፣ ከበሩ ላይ ጮክ ብሎ «አልፈረምኩም!» አለን። ከዚያ በኋላ የተጠራ ሁሉ ሲመለስ እንዲሁ እያለ ይገባ ጀመር። በመጨረሻ ማንም ሳይፈርም ለቀቁን። ሹፌሩን ግን ዳግመኛ አላየኋቸውም።

ዛሬም ያናድደኛል። እሳቸው የተናገሩት አዲስ ነገር አልነበረም። ያንኑ እኔ አንድ ቀን ቀድሜ አውቀው ነበር፤ ግን የነገርኩት በየጆሮው ነው።