ግማሽ ሰዓት ብቻ

«ጎንደር ለመድረስ ግማሽ ሰዓት ይቀረናል» አለ አብራሪው በድምጽ ማጉያው።

ይህችን ግማሽ ሰዓት አውቃታለሁ። በደርግ ጊዜ መተማ ላይ የአውሮፕላን ማረፊያው ሜዳ ሣር በበቀለ ቁጥር ቀበሌው ሕዝቡን እያስወጣ ያሳጭድ ነበር። ታላቅ እህቴ ስንዱም በዚያ ሐሩር ስታጭድ ከርማ ክረምቱ ሊወጣ ሲል በወባ ወደቀች። ገላዋ እንደ እሳት ይፋጅ ነበር። አንዲት ትንሽ አውሮፕላን ባለሥልጣን ይዛ ስትመጣ አባቴ ስንዱን ተሸክሞ ሜዳው ድረስ ሄደ፤ እኔም ተከተልኩት።

«ጓድ፣ ልጄን ብቻ ጫኑልኝ። እኔ በእግሬ እደርሳለሁ።»

«ቦታ የለም» አለ ካድሬው። «በጭነት መኪና ውሰዳት። ጎንደር እንደሆነ ቅርብ ነው፤ እኛ ስንመጣ ግማሽ ሰዓት ብቻ ነው የፈጀብን።»

ከኋላው፣ ከአውሮፕላኗ ሆድ ውስጥ፣ ለአለቆቹ የተጫኑ ፍየሎች ይጮኻሉ።

«ምነው ፍየል አድርጎ በፈጠረሽ» አላት አባቴ። ልጅ ነበርኩና ለምን እንደዚያ እንዳላት አልገባኝም።

ስንዱ ጭልጋ እንኳ ሳትደርስ፣ ጭቃ በያዘው መኪና ላይ ሞተች።

አሁን አውሮፕላኑ ውስጥ አጠገቤ የተቀመጠው ወጣት ቀበቶውን እያጠበቀ «ለካ ጎንደር ቅርብ ናት!» አለኝ።

«አዎ፣ ለፍየል» አልኩት።