ልጄን ማን ያጥምቃት

በሞርሞኖች ዘንድ ልጅ ስምንት ዓመት ሲሞላት ትጠመቃለች፤ የሚያጠምቃት ደግሞ ቄስ ሳይሆን የገዛ አባቷ ነው። ነጭ ለብሶ እስከ ወገቡ ውሃ ውስጥ ይገባና በእጁ ያጠልቃታል። የኔ ልጅ ስምንት ሊሞላት ጥቂት ሳምንታት ሲቀሯት እኔ ተከልክዬ ነበር። ሰርቄ አይደለም፣ ሰክሬም አይደለም። ምላሴ ነው ጉድ የሠራኝ።

ሞርሞን የሆንነውስ በዝናብ ምክንያት አይደል! ያን ጊዜ እኔም ባለቤቴም ጴንጤ ነበርን። አንድ ቀን በስደት የምንኖርባት ዊልስደን የምትባል ሰፈር ባለችው ፍላታችን በር ላይ ሁለት አሜሪካውያን ወጣቶች ከረባታቸውን እንዳሰሩ እስከ ካልሲያቸው በስብሰው ቆመው ባለቤቴ አገኘቻቸው። «እናታቸው ብታያቸው ምን ትላለች!» ብላ አስገባቻቸው፣ ፎጣ ሰጠቻቸው፣ አበላቻቸው። ሻይ ስታቀርብ ሃይማኖታችን ይከለክላል አሉ፤ ተሯሩጣ ወተት አፈላችላቸው። ከዚያ በኋላ በየሳምንቱ እየመጡ ያስተምሩን ጀመር፣ እኛም በዓመቱ ተጠመቅን።

እናቴ ይህን በስልክ ስትሰማ «ጉድ ፈላ!» አለች። እነዚያ ገና ጺማቸው ያልወጣ ሚስዮናውያን «ሽማግሌ» ተብለው ነው የሚጠሩት። የአጥቢያችን ጳጳስ ደግሞ የቧንቧ ሠራተኛ ነው፤ እዚያ ደመወዝተኛ ካህን የለም፣ ከምእመናኑ አንዱ ተመርጦ በነጻ ያገለግላል።

«ጳጳስ ሽንት ቤት ይጠግናል?» አለችኝ።

«የኛንም ጠግኖልናል፣ እማዬ።»

«በል እንግዲህ፣ ቢያንስ የሚጠቅም ሰው ነው» ብላ ወደ ሌላ ወሬ ሄደች።

እኔ ባስ ነጂ ነኝ። ሚስዮናውያኑ ፊንስበሪ ፓርክ ባቡር ጣቢያ በር ላይ ቆመው አላፊ አግዳሚውን ሲያናግሩ ሐበሻ ካጋጠማቸው፣ ሺፍት የሌለኝን ቀን ጠብቀው ወደ ቤቴ ይዘውት ይመጣሉ። ባለቤቴ ጥብስ ትሠራለች፣ እነሱ ያስተምራሉ፣ እኔ አስተረጉማለሁ። ጥሩ ሥራ ነበር፣ ደስ ይለኝ ነበር።

ችግሩ እኔ ነኝ። ቤቴ ገብቶ የበላን ሰው ሙሉውን ሳልነግረው መሸኘት አልችልም። ዘመድህ ቤት ሊከራይ ነው፣ አንተ ደግሞ ግድግዳው ክረምት ክረምት እንደሚሻግት ታውቃለህ። ዝም ትላለህ? እኔ አልልም። ስለዚህ ሰው እጁን ታጥቦ ሲቀመጥ እጀምራለሁ፦ «ስማኝ ወንድሜ፣ ይቺ ቤተ ክርስቲያን እናቶቻችን ኮረዳ እስከነበሩበት ዘመን ድረስ ለጥቁር ወንድ ክህነት አትሰጥም ነበር። ክህነት ማለት እነሱ ጋ ማንኛውም ደህና ምእመን የሚቀበለው ነው፤ አባት ልጁን የሚያጠምቀው በሱ ነው። ኋላ ነገሩ ቀረ። አንዳንዶቹ እግዚአብሔር የራሱ ጊዜ ነበረው ይላሉ፤ እኔ የሰው ጥፋት ነበር እላለሁ። እኔ ይህን አውቄ ነው የምኖርበት፣ አንተም አውቀህ ግባ።»

አብዛኛው ሰው አመስግኖ ይሄድና በዚያው ይቀራል። አንዷ የነርስ ተማሪ ግን ጥምቀቷ ደርሶ፣ ነጭ ልብሷ ሁሉ ተለክቶ ነበር። ስነግራት ወደ አሜሪካዊው ልጅ ዞራ «ለምንድነው አንተ ያልነገርከኝ?» አለችው። ልጁ ፊቱ ቲማቲም መሰለ። እሱም አያውቅም ነበር! «እውነት ነው?» ብሎ እኔን ጠየቀኝ። አንጀቴን በላው። ተማሪዋ ኮቷን ለብሳ ወጣች፣ እሱም ጥብሱን ሳይጨርስ ተነሳ።

በማግስቱ ልጁ ለአለቃው ደወለ፣ አለቃው ለጳጳሳችን ደወለ፣ ጳጳሳችን ለኔ ደወለ። «ወንድሜ፣ አንተ ዝም ብለህ አስተርጉም፣ የማስተማሩን ነገር ለኛ ተው» አለኝ። እሺ አልኩ። የሚቀጥለው እንግዳ ሲመጣ ግን አላስቻለኝም። እንደገና ተደወለ፣ እንደገና እሺ አልኩ፣ እንደገና ነገርኩ። በመጨረሻ የዲሲፕሊን ጉባኤ ተጠራሁ።

ጉባኤ ሲባል እኔ መቼም አዳራሽ ሙሉ ሰው ነበር የጠበቅኩት። ጳጳሱና ሁለት ረዳቶቹ ብቻ ናቸው፤ ቢሮው ቀለም እየተቀባ ስለነበር በሰንበት ትምህርት ክፍል ውስጥ የሕፃናት ወንበር ላይ ተኮራምተው ተቀምጠዋል። የጳጳሱ ጉልበት አገጩን ሊነካ ምንም አልቀረው።

«ያልኩት ውሸት ነው?» አልኳቸው።

«አይደለም» አለ ጳጳሱ። «ግን ገና ለእምነቱ እንግዳ የሆነን ሰው ታስደነግጣለህ።»

«የሚያስደነግጥ ከሆነ፣ ከመግባቱ በፊት ቢደነግጥ አይሻልም?»

ወጥተው ጸለዩ፣ ተመልሰው ፍርዱን ነገሩኝ። እንግዳ ፊት ዝም ለማለት ቃል እስክገባ ድረስ በጉባኤ ፊት አልጸልይም፣ ቁርባን አልቀበልም፣ በክህነቴ ምንም አላደርግም። ሲነግረኝ ጳጳሱ እንባው መጣ። እኔው አጽናናሁት፣ ምን ላድርግ።

እሁድ እሁድ የተቆረሰ ዳቦና ውሃ በትሪ በየወንበሩ ይዞራል፤ ይሄ ነው ቁርባናቸው። እኔ ጋ ሲደርስ ሳልነካው ለባለቤቴ አሳልፋለሁ። ያላየ የመሰለው ሁሉ ያያል። የመጀመሪያውን እሁድ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። ባስ ጋራዥ ያሉ ጓደኞቼ «አቦ ለምን ትተህላቸው አትወጣም?» ይሉኛል። እንዴት ልውጣ? ባለቤቴ ሆስፒታል የተኛች ጊዜ ተራ ገብተው ልጄን ትምህርት ቤት ያደረሱልኝ እነሱ ናቸው። ደግሞም አምናለሁ፤ ይሄን ለጓደኞቼ ማስረዳት ከባድ ነው።

እንዲህ እያለ የልጄ ስምንተኛ ልደት ደረሰ። ጳጳሱ ራሱ ቤታችን መጣ። «አንድ ቃል ነው የምፈልገው» አለኝ። «ለእንግዶች አልናገርም በለኝና ቅዳሜ ውሃው ውስጥ አንተ ትገባለህ።» ባለቤቴ ከኩሽና ሆና «ይላል! ይላል!» አለች። እሱ ሲወጣ ደግሞ አፋጠጠችኝ። «አንተ ሰውዬ፣ ለማታውቀው ሰው ብለህ ልጅህን ሜዳ ላይ ልትጥላት ነው?» እውነቷን ነበር። ምን አለበት፣ ለልጄ ስል ምላሴን እውጣታለሁ ብዬ ቆረጥኩ። ነጩን ሱሪዬን እንኳ ተኩሼ ሰቅዬ ነበር።

ሐሙስ ከትምህርት ቤት ይዣት ስመለስ፣ ባስ ላይ አጠገቤ ተቀምጣ፣ «አባዬ፣ ለሚጠመቁት ሰዎች የምትነግራቸው ነገር አለ አይደል?» አለችኝ።

«አዎ።»

«ለኔ እኮ አልነገርከኝም። እኔም ልጠመቅ ነው። ፌር አይደለም!»

ቀልቤ ተገፈፈ። ለመንገደኛ ሁሉ ስናገር ከርሜ ለገዛ ልጄ አንድም ቀን አልነገርኩም። እዚያው ባሱ ላይ፣ ሰው እየወረደ እየወጣ፣ ሁሉንም ነገርኳት። በጥሞና ሰማችኝ።

«አያቴ አንተን ማጥመቅ ስላልተፈቀደለት ነው የተናደድከው?» አለች።

«አያትሽማ ሞርሞን አልነበረም። ቢሆን ግን አይፈቀድለትም ነበር።»

ትንሽ አሰበች። «እሺ፣ ግን እጠመቃለሁ» አለችና የቤታችን ፌርማታ ሲደርስ ደወሉን ተጫነች።

በነጋታው ጳጳሱ ዘንድ ሄድኩ። ለልጄ ነግሬያታለሁ አልኩት።

«ለራስህ ልጅ መንገር መብትህ ነው» አለ፣ እየሳቀ። «ለሌላ ሰው ብቻ አትንገር።»

ቃሉን ልሰጠው አፌን ከፈትኩ። እግዜር ያውቃል፣ ልሰጠው ነበር። የወጣው ግን ሌላ ነው። «ለኔ ልጅ ካልደበቅኩ ለሰው ልጅ እንዴት እደብቃለሁ?» አልኩት። ሳቁን አቆመ። «እንግዲያው እኔ አጠምቃታለሁ» አለ። ባለቤቴ ያን ቀን አላናገረችኝም። ልጄን ፊት ለፊቷ አስቀምጣ ሹሩባዋን ስትሠራ ብቻ አንዴ ቀና ብላ «ግትር» አለችኝ።

ቅዳሜ ከመጠመቂያው ዳር ፎጣ ይዤ ቆምኩ፤ ፎጣ መያዝ አልተከለከለም። በሥርዓታቸው ሁለት ምስክሮች ቆመው ያያሉ፤ ጣትም ሆነ ፀጉር ከውሃው በላይ ከቀረ ጥምቀቱ አይቆጠርም፣ ይደገማል። ጳጳሱ ጸሎቱን ብሎ አጠለቃት። እናቷ የጎነጎነቻቸው ሹሩባዎች ግን አንሰምጥም ብለው ውሃው ላይ ተንሳፈፉ። አንዱ ምስክር ራሱን ነቀነቀ። ይደገም።

ልጄ ከዓይኗ ላይ ውሃውን ጠረገችና እኔን አየችኝ። ከዚያ ወደ ጳጳሱ ዞራ፣ ክፍሉ ሁሉ እየሰማ፣ «ሁለተኛውን አባዬ ቢያደርገውስ?» አለችው።

ጳጳሱ ግንባሯ ላይ የተለጠፈውን ሹሩባ ወደ ኋላ መለሰላት። «አይቻልም፣ የኔ ልጅ» አላት።

«እሺ» አለች፣ አፍንጫዋንም ያዘች።

ጸሎቱን ሲጀምር እንባዬ ዓይኔን ጋረደው። የያዝኩትን ፎጣ ፊቴ ላይ አድርጌ እንደ ሕፃን ተንሰቀሰቅሁ። ሁለተኛውን፣ ያንን የተቆጠረውን፣ አላየሁትም። ባለቤቴ እንደምትለው በዚህኛው አንዲት ፀጉር እንኳ አልቀረችም።