ሳህኑ ጠርዝ ላይ የምትቀረው ጉርሻ

ጋሼ፣ የእናቴ ታላቅ ወንድም፣ የመጀመሪያውን ጉርሻ ለራሳቸው አድርገው አያውቁም ነበር። አጠገባቸው ያለውን ሰው ያጎርሱና ከዚያ ይበላሉ።

በኮሮናው ጊዜ የካንሰር ሕክምናውን፣ ኬሞውን ሲጀምሩ አሜሪካ፣ ፓራዳይዝ በምትባል ከተማ ያለው አፓርታማዬ ውስጥ አብረን ነበርን። የሆስፒታሉ የአመጋገብ ባለሙያ በስልክ መከረችን። ጥሬ ነገር እንዳይበሉ፣ ትንሽ ትንሽ እያሉ ቶሎ ቶሎ እንዲበሉ፣ ሳህናቸውም ለብቻ እንዲሆን ነገረችን። ማጉረስም ቀረ።

ከዚያ በኋላ እንቁላልም ሆነ ፍርፍር ስሰጣቸው ጥሩ ይበላሉ፤ ግን አንድ ጉርሻ የምትሆን ሁልጊዜ ሳህኑ ጠርዝ ላይ ትቀራለች። ባለሙያዋ ስትደውል "አይጨርሱም" አልኳት። ማቅለሽለሹ ብሶባቸው ይሆናል፣ ለሐኪሙ እነግራለሁ አለችኝ።

የዚያን ቀን ከሥራ ሺፍቴ ስገባ ጠየቅኳቸው።

"ጋሼ፣ ይቺን ለምን ይተዋሉ? ያቅለሸልሽዎታል እንዴ?"

"ኧረ አያቅለሸልሸኝም። እሷ ያንቺ ናት።"

"አብረን እንዳንበላ ተብለናል እኮ።"

"አውቃለሁ። አትብያት። እኔ ግን ሳላጎርስ በላሁ አልልም። ገና ሳልጀምር በንጹህ ማንኪያ ነው የምለያት።"

ይህን በእንግሊዝኛ ማስረዳት አልሆነልኝም። ለባለሙያዋ መልሼ ደወልኩና "በደንብ እየበሉ ነው፣ ይጨርሳሉ" አልኳት።

ጋሼ ካረፉ ወራት አልፈዋል። ከሥራ ስመለስ ብቻዬን እበላና ሳህኔን አጥባለሁ። ባለሙያዋ እንደምትወደው፣ ጠርዙ ላይ ምንም አይቀርም።